መልስ፦ የ2002 ቢኤምደብሊው ኤም5፣ የትኛውን ልግዛ?

ጤና ይስጥልኝ። ብዙ ማይል የሄደውንና ሙሉ የጥገና መዝገብ ያለውን ኤም5 ልግዛ፣ ወይስ ጥቂት ተነድቶ ወረቀት የሌለውን ለሚለው ጥያቄዎ፣ እኔ ያለምንም ማመንታት የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ኢ39 የተባለው ይህ ትውልድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1998 እስከ 2003 የተመረተ ሲሆን፣ 4.9 ሊትር ቪ8 ሞተሩ 400 ያህል የፈረስ ጉልበት አለው፤ ከባለ 6 ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ በቀር ሌላ ምርጫ ያልቀረበለት መሆኑም ዛሬ ሰብሳቢዎች እንዲሻሙበት አድርጓል። ይሁንና ከ20 ሺህ በላይ ስለተሠራ፣ «ብርቅ ነው» እያለ ዋጋ የሚቆልልብዎትን ሻጭ አይስሙ።

ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ ሳለ እርስዎ ባሉበት ይነሣ። መንኳኳቱ ቶሎ ካልጠፋ የቫኖሱ (ቫልቮቹ የሚከፈቱበትንና የሚዘጉበትን ጊዜ የሚያስተካክለው ክፍል) ወይም የታይሚንግ ሰንሰለቱን መስመሩን ጠብቆ እንዲዞር የሚይዘው መምሪያ ማለቅ ሊሆን ይችላል፤ መምሪያው ራሱ ተራ ፕላስቲክ ቢሆንም፣ እሱን ለመቀየር የሞተሩ ፊት በሙሉ ስለሚፈታ የእጅ ዋጋው ኪስ ያራቁታል። ከሥር ክሪክ የሚገባባቸውን ቦታዎች ለዝገት ይፈትሹ። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ ደግሞ በኮፈኑ፣ በበሮቹና በፓራፋንጎዎቹ የሻንሲ ቁጥር ያለበት ወረቀት ተለጥፏል፤ አንዱ ላይ ከጎደለ ያ አካል ተቀይሯል ወይም ቀለም ተቀብቷል ብለው ይጠርጥሩ።

ዋጋውን ሲተምኑ ሻጮች የሚጠሩትን ሳይሆን ተመሳሳይ መኪና በጨረታ በእርግጥ የተሸጠበትን ይያዙ፤ ፍሪሲዮኑና የማቀዝቀዣው ክፍሎች መቼ እንደተቀየሩ በደረሰኝ ካልታየም ወጪያቸውን ከዚያው ላይ ይቀንሱ።