የምርጫ ታዛቢ መሆን እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ በፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሁን በአንድ የግል ትምህርት ቤት በጸሐፊነት እሠራለሁ። ምኞቴ ዓለም አቀፍ የምርጫ ታዛቢ ሆኜ በአፍሪካ አገሮች መሥራት ነው። በአውሮፓ ኅብረት በኩል ለማመልከት ሞክሬ አልተሳካልኝም። ሁለተኛ ዲግሪ ብይዝ ይሻል ይሆን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ከራስሽ ላይ አንድ ሸክም ላውርድልሽ። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎቹን የሚመለምለው በዋናነት ከአባል አገሮቹ ዜጎች ነው። ያልተሳካልሽ በፓስፖርትሽ እንጂ በችሎታሽ ምክንያት ስላልሆነ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ብትጨምሪበትም ያ በር አይከፈትም።

የምትመኚው ሥራ ግን ምን እንደሆነ በቅጡ እንነጋገር። በቴሌቪዥን የምናየው የታወቁ ሰዎች በሆቴል አዳራሽ መግለጫ ሲሰጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኬንያ የሆነውን ላስታውስሽ። ምርጫው ኦገስት 8 ቀን ተካሄደ። የአፍሪካ ኅብረትን ቡድን የደቡብ አፍሪካው ታቦ ምቤኪ፣ የኮመንዌልዝን የጋናው ጆን ማሃማ፣ የአሜሪካውን የካርተር ማዕከል ቡድን ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ኬሪና የሴኔጋሏ አሚናታ ቱሬ ይመሩ ነበር። ቡድኖቹ ከምርጫው ሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ደረጃ መግለጫቸውን አወጡ፤ የድምፅ አሰጣጡን አመሰገኑ፣ ቅሬታ ያለው በሕግ መንገድ ይሂድ አሉ። ተሸናፊ የተባሉት የተቃዋሚ ዕጩ ራይላ ኦዲንጋም ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። ሴፕቴምበር 1 ቀን በዋና ዳኛ ዴቪድ ማራጋ የሚመራው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ4 ለ2 ድምፅ የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሰረዘው። በአፍሪካ ፍርድ ቤት እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር።

በፍርድ ቤቱ ውሳኔ ላይ ከባድ ክብደት ከነበራቸው ነገሮች አንዱ «34ኤ» የሚባል ቅጽ ነው። በእያንዳንዱ የኬንያ ምርጫ ጣቢያ ድምፅ መስጠቱ ሲዘጋ አስፈጻሚው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሣ ለማን እንደተሰጡ ያሳያል፤ ድምሩ በዚያ ቅጽ ይሞላል፣ የፓርቲ ወኪሎች ይፈርሙበታል፣ አንድ ቅጂ በር ላይ ይለጠፋል፣ ምስሉም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይላካል። ጣቢያዎቹ ከ40 ሺህ በላይ ነበሩ። የኬንያ ምርጫ ኮሚሽን አሸናፊውን ሲያውጅ ግን ቅጾቹ ሁሉ ተሟልተው አልደረሱትም ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ሰርቨሮቹ እንዲታዩ ቢያዝም ኮሚሽኑ በሙሉ አልከፈተም። ለእውነት ያህል፣ ታዛቢዎቹ የውጤት ማጠናቀሩ ገና እንዳላለቀ በመግለጫቸው ጽፈው ነበር። ሕዝቡ የሰማው ግን ምስጋናውን ብቻ ነው፤ እኔ በዚህ የምወቅሰው ሰሚውን ሳይሆን ተናጋሪውን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በማላዊም እ.ኤ.አ. በ2019 የውጤት ወረቀቶች ላይ የጽሑፍ ማጥፊያ ፈሳሽ ተገኝቶ ነበር፤ ያ ምርጫም በ2020 በፍርድ ቤት ተሰርዞ እንደገና ተካሄደ።

ይህን ሁሉ የማወራሽ ቀጣሪ የሚፈልገው የትኛውን ዓይን እንደሆነ እንድታዪ ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ የምርጫ ሥራ አመልካቾችን ስንመርጥ ሁለት የሥራ ልምድ ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ነበሩ። አንደኛው በአምስት ሥልጠናዎችና በምስክር ወረቀቶች የተሞላ ነው። ሌላው አጭር ነው፤ ባለቤቱ በአንድ ወረዳ በስምንት ጣቢያዎች እንደዞረ፣ ጠዋት የመዘገበው የኮሮጆ ማሸጊያ ቁጥር ማታ ካየው እንዳልገጠመ፣ ማንንም ሳይጠይቅና ሳይነካ በቅጹ ላይ ሰዓቱን ጽፎ እንዳስረከበ ይናገራል። የተጠራው ይህ ሁለተኛው ነው። ታዛቢ ስሕተት ሲያይ አያርምም፣ አይከራከርም፤ ይጽፋል። ለእኛ ለአገላጋዮቹ ሕዝብ ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነገር ይመስለኛል።

ስለዚህ ከአገር ቤት ጀምሪ። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ከምርጫ ቦርድ ፈቃድ አግኝተው ታዛቢ ያሰማራሉ። ክፍያው ብዙውን ጊዜ ከውሎ አበል አያልፍም፣ ሌሊቱም ረጅም ነው፤ ከአንድ ቆጠራ የምትማሪውን ግን የትኛውም ክፍል አያስተምርሽም። ከዚያ በኋላ የአፍሪካ ኅብረትን አስቢ። ኅብረቱ ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ከተማሽ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ምርጫችንም የታዛቢ ቡድኑን የቀድሞው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ኦሉሴጎን ኦባሳንጆ መርተው መጥተዋል። በቡድኖቹ ውስጥ ከሚካተቱት መካከል የምርጫ አስፈጻሚ ተቋማትና የሲቪል ማኅበረሰብ ሰዎች ስላሉ፣ የአገር ቤቱ ልምድ ወደዚያ ያደርስሻል። ኢጋድም ታዛቢ ይልካል። ፈረንሳይኛ ብትችዪ ብዙዎች የማይደርሱባቸው አገሮች ይከፈቱልሻል።

ስለ ኑሮሽ ግን ልንገርሽ፤ ታዛቢነት ወር በገባ ቁጥር ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ አይደለም። የአጭር ጊዜ ታዛቢ ለጥቂት ቀናት ይላካል፣ የረጅም ጊዜው ለሳምንታት፤ ከዚያ ሁሉም ወደ መደበኛ ሥራው ይመለሳል። ቡድን ውስጥ የሚፈለጉት የሕግ ባለሙያ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ የመገናኛ ብዙኃን ተንታኝ ናቸው። ሁለተኛ ዲግሪ ካማረሽ ከእነዚህ አንዱን ያዢ፤ ፖለቲካ ሳይንስን መድገም ገንዘብ ማባከን ነው። አሁን ያለሽን ሥራም አትናቂ፤ ፋይል በሥርዓት የምታስቀምጥ ጸሐፊ ቅጽ መሙላት አያስቸግራትም።

አንድ ነገር ዛሬ ማታ ማድረግ ትችያለሽ። የፌስቡክ ገጽሽን ከላይ እስከ ታች አንብቢው። የፓርቲ ደጋፊ ወይም ነቃፊ የሚያስመስልሽ ጽሑፍ ካለ ቁጠሪው፤ ብዛቱን ጻፊልኝና ስለ ማመልከቻ ደብዳቤሽ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።