መጠጥ ለማቆም የሚሰበሰቡ ሰዎችን ከየት ላግኝ?

ጥያቄ፦ ለዓመታት አረቄ ጠጥቻለሁ። አሁን ጠዋት አንድ ሁለት መለኪያ ካልቀመስኩ እጄ ይንቀጠቀጣል። መጠጥ ያቆሙ ሰዎች እየተሰበሰቡ እንደሚረዳዱ ሰምቻለሁ። እንዴት ላገኛቸው እችላለሁ? የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝም እፈራለሁ። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከቡድኑ በፊት የእጅዎ ነገር ይቅደም። አልኮል አእምሮን ያደነዝዛል፤ አእምሮም ያንን ለመቋቋም ራሱን ሲያነቃ ይከርማል። መጠጡ በድንገት ሲቀር መነቃቃቱ ልጓም ያጣል። መንቀጥቀጥና ላብ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። የሚጥል በሽታ የሚመስል መንዘፍዘፍ አብዛኛውን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ይመጣል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ ትኩሳት፣ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊከተል ይችላል። ይህ ሁኔታ ሰው ይገድላል። ጠበል ገብቶ በዚያው ዕለት መጠጥ የተወ ሰው በ3ኛው ቀን ሲለፈልፍ «መንፈሱ ጮኸ» የሚባለው አንዳንዴ ይኸው ነው። ጠበሉን አይተዉ፤ ሐኪም ግን ይቅደም።

ስለዚህ በአንድ ሌሊት አያቁሙ። ደሴ ቅርብዎ ናት፤ ሰው ይዘው ወደ ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂዱ። «አልፎ አልፎ እቀምሳለሁ» አይበሉ። በቀን ስንት መለኪያ እንደሚጠጡ፣ የመጀመሪያው በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ከዚህ ቀደም ሲያቆሙ አንዘፍዝፎዎት እንደሚያውቅ ቆጥረው ይንገሩ፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው በዚህ ነው። ብዙ ጊዜ እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት በየቀኑ እየተቀነሰ ይሰጣል። ቫይታሚን ቢ1ም አብሮ ይታዘዛል፤ ግሉኮስ የሚሰቀልልዎ ከሆነ ቫይታሚኑ መቅደም አለበት፣ ያለበለዚያ አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። እዚያው ሳሉ መጠጥ ያቆሙ ታካሚዎች የሚገናኙበት ፕሮግራም መኖሩን ይጠይቁ።

የሰሙት ስብሰባ አልኮሊክስ አኖኒመስ ወይም በአጭሩ ኤኤ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። በ1935 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አክረን ከተማ የተጀመረ ነው። ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው፤ ክፍያ የለም፣ የአባት ስምም አይጠየቅም። «ክፍት» የተባለውን ስብሰባ ማንም መከታተል ይችላል፤ «ዝግ» የተባለው መጠጥ ለማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው።

በስልክ ለመሳተፍ ሚቲንግ ጋይድ የሚባለውን የኤኤ ነፃ መተግበሪያ ያውርዱ። ሰዎች የሚስቱት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ሰዓቱ ነው፦ በግሪንዊች አቆጣጠር 16፡00 ቢል የእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ሁለተኛው ስም ነው፦ ስብሰባው በዙም (በቪዲዮ መገናኛ መተግበሪያ) ከሆነ፣ ዙም የተመዘገቡበትን ሙሉ ስም ለሁሉም ያሳያል። ከመግባትዎ በፊት ስምዎን ያሳጥሩ፣ ካሜራውንም ያጥፉ። መናገር ግዴታ ስላልሆነ እንግሊዝኛዎ ባይጠናም ይግቡ።

በአማርኛ፣ ፊት ለፊት ከፈለጉ ግን ራስዎ ይጀምሩት። በኤኤ ደንብ መጠጥ ለማቆም የተገናኙ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ቡድን ናቸው። ሆስፒታሉ ወይም አንድ ትምህርት ቤት ክፍል እንዲፈቅድላችሁ ጠይቁ። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አዳራሽ አንመክርም፤ በወሎ ግማሹ ሰው በር ላይ ይቀርባችኋል። ሰዓቱ ድሮ ወደ አረቄ ቤት የምታመሩበት ይሁን፣ ታክሲ ሳይጠፋ የሚያልቅ። አንድ ሰዓት ይበቃል፤ እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ይናገራል፣ ማንም አያቋርጠውም፣ አይመክረውም። ሰክሮ የመጣ ሰው ተቀምጦ ይስማ እንጂ አይናገር። እርስ በርስ ገንዘብ አትበዳደሩ፤ ተበዳሪው ማፈር ሲጀምር ከስብሰባው ይቀራል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንንገርዎ፤ ስብሰባው የጫት በርጫ እንዳይሆን። ከበርጫው በኋላ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል፤ ጨብሲው ደግሞ ያው መጠጥ ነው። መጠጥ ትተው በጫት ለመቆየት የሚሞክሩ ብዙዎች የሚመለሱት በዚህ በር ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ መጠጥ አልተው አለኝ። «የሚያስጠላ ኪኒን አለ፣ ቡናው ውስጥ ጨምሪለት» ብለውኛል። ላድርገው? (ከደሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ በፍጹም አያድርጉት። መድኃኒቱ ዲሰልፊራም ይባላል። ከመጨረሻው መጠጥ ቢያንስ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ታካሚው አውቆና ፈቅዶ ብቻ ነው የሚጀመረው። በላዩ ላይ ከተጠጣ ፊት ይቀላል፣ ልብ ይመታል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ሊገድልም ይችላል። ካቆሙትም በኋላ እስከ 14 ቀን በሰውነት ውስጥ ይሠራል። በፈቃዱ የሚወስድ ሰው እንኳ ሰንብቶ ከፈላ ቀሪቦ መጠንቀቅ አለበት።

ሰክሮ ሲገባ አይከራከሩት፤ ጠዋት ሳይጠጣ፣ ልጆች ሳይሰሙ ያነጋግሩት። ለቤተሰብ ደግሞ በ1951 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው አል አኖን የሚባል ቡድን አለ፤ በኢንተርኔትም ይሰበሰባል። እሱ ባይሄድም እርስዎ መግባት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ መጠጥ ካቆምኩ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ሰርግ ላይ ጠጣሁ። ወደ ቡድኑ ለመመለስ አፈርኩ። (ከደሴ)

መልስ፦ የሚቀጥለው ስብሰባ ሳያልፍዎ ይሂዱና ያንኑ ይናገሩ፤ ሳምንት ባለፈ ቁጥር መመለሱ ይከብዳል። በተከታታይ ለቀናት ከጠጡ ግን መንቀጥቀጡ ሊመለስ ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።