ለወጣት ሾፌሮችና መካኒኮች፦ በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ይጠጣል?

ልጆቼ፣ መኪና ስትገዙ “በሊትር ስንት ይሄዳል?” ትላላችሁ። ጥያቄውን ገልብጡት፤ “በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ይጠጣል?” በሉ።

በሊትር 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አሮጌ የጭነት መኪና ተሻሽሎ 7 ቢሄድ፣ በመቶ ኪሎ ሜትር ወደ 6 ሊትር ያተርፋል። ከ15 ወደ 20 ከፍ ያለች የቤት መኪና የምታተርፈው ግን 2 ሊትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የነዳጅ ፍጆታ ደረጃ፣ ማለትም መኪና ቢበዛ ስንት ይጠጣ የሚል ገደብ፣ ይውጣ ከተባለ፣ ቀድመው መነካት ያለባቸው ጥቁር ጭስ እያንቦለቦሉ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ የሚወጡት ናቸው።

ሐረጎን አንስቼማ ዝም አልልም። ከኮምቦልቻ ደሴ ከፍታው 600 ሜትር ገደማ ይጨምራል። ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን ሚኒባስ ለዳገቱ ብቻ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ናፍጣ ያቃጥላል። ሲወርድ ደግሞ “ልቆጥብ” ብሎ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ የሚለቅ ሾፌር አለ። እባካችሁ ተዉት! የዛሬ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫውን ስትለቁለት ነዳጁን ራሱ ይዘጋል። በፎሌ ግን እንዳይጠፋ ይጠጣል፤ ፍሬኑም ይግላል።

አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 1973 ነዳጅ ሲጠፋባቸው በ1975 የፍጆታ ሕግ አወጡ። በጀ። ከ1990 እስከ 2010 ግን የቤት መኪና ደረጃቸው በሊትር 11.7 ኪሎ ሜትር ላይ ንቅንቅ አላለም። በዚያ መሃል ሕዝባቸው 60 ሚሊዮን ጨመረ።

እኛስ? በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበርን፤ ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ እንደሆንን ይገመታል። ቤንዚኑም ናፍጣውም በዶላር ከውጭ ይመጣል። መኪናው እጥፍ ሆኖ የእያንዳንዱ ፍጆታ በግማሽ ካልወረደ የምንገዛው ነዳጅ ይጨምራል። ደረጃ አውጥቶ መተኛት የለም፤ ሕዝቡ ሲበዛ እሱም መጥበቅ አለበት።

“ኤሌክትሪክ መጥቷል እኮ” ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ኤሌክትሪኮቹ ሐረጎን ሲወርዱ ባትሪያቸውን እየሞሉ ነው፤ በዚህስ እቀናባቸዋለሁ። አይሱዙውና ሲኖትራኩ ግን ገና ብዙ ዓመት አብረውን ናቸው። ቦሎ ሲታደስ ፍሬንና መብራት እንደሚታይ ፍጆታቸውም ይታይ እላለሁ፤ ባለንብረቱ ቢያጉረመርምም።

እስከዚያው ራሳችሁ ለኩ። ፉል አስሞሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፤ ስትመለሱ እንደገና ፉል አድርጉና የገባውን ሊትር ለሄዳችሁት ኪሎ ሜትር አካፍላችሁ በመቶ አባዙ። ቁጥሩ በድንገት ካሻቀበ መጀመሪያ የጎማውን ንፋስና የአየር ፊልትሮውን እዩ፤ ነዳጅ የሚረጨውን ኖዝል ለማስፈታት አትቸኩሉ።