የምግብ መጽሐፍ አንባቢው ጥያቄ

ጥያቄ፦ የምግብ አዘገጃጀት መጻሕፍትን ማታ ማታ እንደ ልብ ወለድ አነባለሁ፤ ይሁንና ካነበብኩት አብዛኛውን አልሠራውም። ጊዜዬን እያባከንኩ ይሆን?

መልስ፦ በፍጹም! «ሽንኩርቱ በለስላሳ እሳት እስኪቁላላ» የሚለውን ደጋግሞ ያነበበ ሰው ምድጃው ፊት ሲቆም መቸኮሉን ይተዋል። ለመሥራት ሲነሡ ግን ከመጽሐፉ ሳይሆን ከገበያው ይጀምሩ፤ ወቅቱ ያደረሰውን ገዝተው ስሙን ከማውጫው ይፈልጉ። እሸት በቆሎ ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ስኳሩ ወደ ስታርች ስለሚለወጥ፣ በዚያው ዕለት የተቀቀለው ከሰነበተው ይልቅ ይጣፍጣል። ቲማቲምም በማቀዝቀዣ ውስጥ ሲሰነብት መዓዛው ስለሚደክም ከውጭ ቢያስቀምጡት ይሻላል፤ ፎቶግራፋቸው የሚያስጎመጅ ብዙ መጻሕፍት ይህን መናገር መዘንጋታቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል።