ሜክሲኮ ደቡብ አሜሪካ ናትን? «ላቲን አሜሪካ» ስለሚለው ስም

ጥያቄ፦ በዜና ላይ «የደቡብ አሜሪካዋ ሜክሲኮ» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ፤ ሌላው ደግሞ ያቺኑ አገር «የላቲን አሜሪካዋ ሜክሲኮ» ይላታል። ሁለቱ ስሞች አንድ ናቸው? በላቲን አሜሪካ ውስጥ የሚቆጠሩትስ የትኞቹ አገሮች ናቸው? ሃይቲና ጃማይካ ይገቡበታል? ላቲን የሚናገር ሕዝብ በሌለበት ስሙ ከየት መጣ?

መልስ፦ ሁለቱ ስሞች አንድ አይደሉም፤ «የደቡብ አሜሪካዋ ሜክሲኮ» የሚለው አነጋገርም ስሕተት ነው። ደቡብ አሜሪካ የመልክዐ ምድር ስም ሲሆን ከኮሎምቢያ ጀምሮ ወደ ደቡብ የተዘረጋውን አህጉር ብቻ ያመለክታል፤ ሜክሲኮ ደግሞ በሰሜን አሜሪካ የምትገኝ አገር ናት። የጣሊያንን ወረራ ተቃውማ በመቆሟ አዲስ አበባ ላይ አደባባይ የተሰየመላትን አገር ከአህጉሯ ማዛወር በተለይ ለእኛ አይገባም። ላቲን አሜሪካ ግን የቋንቋና የታሪክ ስም ነው፤ ከላቲን የተወለዱት እስፓንኛ፣ ፖርቱጋልኛና ፈረንሳይኛ በቅኝ አገዛዝ ዘመን ገብተው፣ ከነፃነት በኋላም የመንግሥትና የትምህርት ቋንቋ ሆነው የቀሩባቸውን የአሜሪካ አገሮች በአንድነት ይጠራል።

ላቲን የተባለውን ቋንቋ የቀደሙት ጸሐፊዎቻችን «ሮማይስጥ» ይሉታል፤ በዮሐንስ ወንጌል የአማርኛ ትርጉም፣ በመስቀሉ ላይ የተጻፈው ጽሕፈት በየትኞቹ ቋንቋዎች እንደነበረ የሚነገርበትን ስፍራ ያነበበ ሰው ቃሉን ያውቀዋል። የሮማ መንግሥት ከተዳከመ በኋላ በየአገሩ ይነገር የነበረው ሮማይስጥ ቀስ በቀስ እየተለያየ ሄዶ ራሳቸውን የቻሉ ቋንቋዎችን አስገኘ። «ስምንት» የሚለውን ቁጥር ብንወስድ የላቲኑ «ኦክቶ» በእስፓንኛ «ኦቾ»፣ በፖርቱጋልኛ «ኦይቱ»፣ በፈረንሳይኛ «ዊት»፣ በጣሊያንኛ «ኦቶ»፣ በሩማንያኛ «ኦፕት» ሆኖ እናገኘዋለን። የእነዚህ ቋንቋዎች የወል ስም «ሮማንስ» ነው፤ ቃሉ «በሮማውያን አነጋገር» ከሚል የላቲን አገላለጽ የመጣ እንጂ ዛሬ ስለ ፍቅር ከምንሰማው «ሮማንስ» ጋር የትርጉም ዝምድና እንዲፈለግለት አያስፈልግም። ስለዚህ አንዳንዶች የሚጽፉት «ላቲን ተናጋሪ አገሮች» የሚለው ሐረግ መታረም አለበት፤ ተናጋሪነቱ የልጆቹ እንጂ የእናቲቱ ቋንቋ አይደለም።

ስሙ ከአብዛኞቹ አገሮች ነፃነት በኋላ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ቺሊያዊው ፍራንሲስኮ ቢልባዎ ፓሪስ ላይ ባደረገው ንግግር ተጠቅሞበታል፤ ኮሎምቢያዊው ሆሴ ማሪያ ቶሬስ ካይሴዶም በዚያው ጊዜ በግጥሙ አስገብቶታል። ወቅቱ ሜክሲኮ ሰፊ ግዛቷን በጦርነት ለዩናይትድ ስቴትስ ካስረከበች ገና ስምንት ዓመት የሆነበት፣ ዊልያም ዎከር የተባለ አሜሪካዊም ቅጥር ተዋጊዎች አስከትሎ ኒካራጓን የያዘበት ነበርና፣ ስሙ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከሆነው ሰሜን ራስን ለይቶ ማስጠሪያ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የፈረንሳዩ ናፖሊዮን ሣልሳዊ ጦሩን ወደ ሜክሲኮ ሲልክ ይኸው ስም ተስማማው፤ «እስፓኛዊት አሜሪካ» ቢባል ፈረንሳይ ባዕድ ስትሆን፣ «ላቲን» ሲባል ግን ዘመድ ትሆናለችና። በሜክሲኮ ዙፋን ላይ ያስቀመጠው ማክሲሚሊያን እ.ኤ.አ. በ1867 ተረሸነ፤ ስሙ ግን ቀረ።

አገሮቹን ስንቆጥር እስፓንኛ የሚነገርባቸው አሥራ ስምንት ናቸው፤ እነርሱም ሜክሲኮ፣ ጓቲማላ፣ ሆንዱራስ፣ ኤል ሳልቫዶር፣ ኒካራጓ፣ ኮስታ ሪካ፣ ፓናማ፣ ኮሎምቢያ፣ ቬንዙዌላ፣ ኢኳዶር፣ ፔሩ፣ ቦሊቪያ፣ ፓራጓይ፣ ቺሊ፣ አርጀንቲና፣ ኡራጓይ፣ ኩባና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ናቸው። ፖርቱጋልኛ ተናጋሪዋ ብራዚል ስትጨመር አሥራ ዘጠኝ ይሆናሉ። ሃያኛዋ ሃይቲ ናት። ብዙ ሰው ላቲን አሜሪካ ሲል እስፓንኛን ብቻ ስለሚያስብ ሃይቲን ይዘላታል፤ ይህ ግን በእኔ አስተያየት ሚዛን የጎደለው አቆጣጠር ነው። ሃይቲ ውስጥ ከፈረንሳይኛ ጎን የሚሠራበት የሃይቲ ክሪዮል አብዛኛው ቃሉ ከፈረንሳይኛ የተገኘ ነው፤ ነፃነቷን ያወጀችውም እ.ኤ.አ. በ1804፣ ከሃያዎቹ ሁሉ ቀድማ ነው። መለኪያው ቋንቋ ከሆነ ሃይቲን የሚያስወጣ ምክንያት የለም።

በአንጻሩ ጋያና በእንግሊዝኛ፣ ሱሪናም በደች ቋንቋ ስለሚተዳደሩ፣ በደቡብ አሜሪካ ምድር ላይ እያሉ ላቲን አሜሪካ አይባሉም። የእግር ኳስ ተከታታዮች ይህን ሳያስተውሉት አይቀሩም፤ ሁለቱ አገሮች የሚጫወቱት ከብራዚልና ከአርጀንቲና ጋር በደቡቡ ኮንፌዴሬሽን ሳይሆን ከሜክሲኮና ከጃማይካ ጋር የሰሜንና የመካከለኛው አሜሪካ እንዲሁም የካሪቢያን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በሆነው በኮንካካፍ ነው። በመካከለኛው አሜሪካ ያለችው ቤሊዝም እንግሊዝኛ ተናጋሪ በመሆኗ ከቁጥር ትወጣለች።

ይሁን እንጂ ቋንቋ ብቻውን ሁሉን አይፈታም። በካናዳ ውስጥ ያለችው ኩቤክ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ብትሆንም ላቲን አሜሪካ የሚላት የለም ማለት ይቻላል፤ እስፓንኛ ተናጋሪዋ ፖርቶ ሪኮ ደግሞ የዩናይትድ ስቴትስ ግዛት ሆና ሳለ በባህል ትቆጠራለች። በሌላ በኩል፣ በፓራጓይ ጓራኒ ከእስፓንኛ እኩል የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ የቦሊቪያ ሕገ መንግሥትም ከእስፓንኛ ሌላ ለሠላሳ ስድስት የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች እውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ ሕዝቡን በጅምላ «ላቲኖች» ከማለት «ላቲን አሜሪካውያን» ማለት ይሻላል፤ ይህኛው የአካባቢውን ሰው ሲጠራ ያኛው የዘር ስም ይመስላል።

ጃማይካ፣ በሻሸመኔ በኩል ምንም ያህል ብትቀርበን፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ናትና ላቲን አሜሪካ አይደለችም። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን እህት የሆነው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1948 ሲቋቋም «የላቲን አሜሪካ» ብቻ ይባል ነበር፤ «የካሪቢያን» የሚለው በ1984 ታከለበት። ጃማይካንና መሰሎቿን ጨምረው መጻፍ ሲፈልጉ እርስዎም «ላቲን አሜሪካና ካሪቢያን» ይበሉ።