ጥያቄውን የሚያዘጋጀው ማን ነው?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ኢንተርኔትንና «የሕዝብ ድምፅ እኔ ነኝ» የሚለውን ፖለቲካ የሚመለከቱ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጣሊያን ውስጥ አንድ ቀልደኛ እንዴት ለሥልጣን የሚበቃ ፓርቲ ሊመሠርት ቻለ?» (ከቦሎኛ)

ቤፔ ግሪሎ ፖለቲከኞችን በመዝለፉ ከመንግሥት ቴሌቪዥን የተገፋ ሰው ነው። በ2005 ጦማር ከፈተ። ከጀርባው የኢንተርኔትን ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቀው ጃንሮቤርቶ ካሳሌጆ ነበር። በሴፕቴምበር 2007 እርስዎ ባሉበት ከተማ አደባባይ የተጠራው ሰልፍ ስሙ ራሱ ስድብ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ጎረፈ። ሁለቱ በ2009 የአምስት ኮከብ ንቅናቄን መሠረቱ፤ ንቅናቄው በ2018 ምርጫ ከመቶ 32 በላይ ድምፅ ይዞ ከፓርቲዎች ሁሉ አንደኛ ወጣ። ጦማሩ ቁጣውን አልፈጠረውም። በሙስናና በኢኮኖሚ ቀውስ የተማረሩትን ሰዎች አገናኛቸው እንጂ።

«አባላቱ ትልልቅ ጉዳዮችን በኢንተርኔት ድምፅ ይወስኑ ነበር። ከዚህ የበለጠ ዴሞክራሲ ከየት ይምጣ? እናንተ ጸሐፊዎች ለምን ታጣጥሉታላችሁ?» (ከሮም)

አላጣጥልም፤ ግን አንድ ድምፅ አሰጣጥ ላስታውስዎት። በኦገስት 2018 ዲቾቲ የተባለች የባሕር ጠረፍ ጠባቂ መርከብ ከሞት የተረፉ 177 ስደተኞችን ይዛ ነበር፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ናቸው። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ማቴዮ ሳልቪኒ እንዳይወርዱ ከለከለ፤ በካታኒያ ወደብ ለቀናት ታገቱ። ፍርድ ቤት ሚኒስትሩን በሰው እገታ ለመክሰስ የሴኔቱን ፈቃድ ጠየቀ። የአምስት ኮከብ ንቅናቄ ደግሞ ከሳልቪኒ ፓርቲ ጋር ጥምር መንግሥት መሥርቷል፤ ሚኒስትሩ ቢከሰስ ጥምረቱ መናጋቱ ነው። እናም መሪዎቹ ጣጣውን ለአባላት አሳለፉት።

«ይከሰስ ወይስ አይከሰስ?» ማለት ይቻል ነበር። የተጠየቀው ግን ስደተኞቹ ሳይወርዱ የቆዩት የመንግሥትን ጥቅም ለመጠበቅ ነው ወይ የሚል ነበር። «አዎ» ያለ ሰው አይከሰስ ማለቱ ነው፤ «አይደለም» ያለ ይከሰስ ማለቱ። ግሪሎ ራሱ በዚህ አጠያየቅ ቀለደ። ከ52 ሺህ በላይ አባላት ድምፅ ሰጡ፤ ከመቶ 59ኙ «አዎ» አሉ፤ ሴኔቱም በማርች 2019 ፈቃዱን ነፈገ።

ሩሶ የተባለውን የድምፅ መስጫ ያስተዳድር የነበረው በካሳሌጆ ልጅ የሚመራ ማኅበር ነው። ጥያቄውን ያረቀቀው፣ ቀኑን የቆረጠው፣ ድምፁን የቆጠረው ሁሉ አንድ ቤት ነበር። የጣሊያን የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በኤፕሪል 2019 በደኅንነት ጉድለት 50 ሺህ ዩሮ ቀጥቶታል። አልፎ አልፎ አባላቱ ከመሪዎቻቸው ፈቃድ ውጭ ወስነዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ቁልፉን የሚጫን ሁሉ ሥልጣን ያዘ ማለት አይደለም። ለነገሩ፣ መርከቧ ላይ ለታገቱት ሰዎች ካሳ እንደሚገባ በማርች 2025 የወሰነው የጣሊያን ከፍተኛው የሰበር ፍርድ ቤት ነው፤ ያውም ማንንም ቁልፍ ሳያስጫን።

«ይህን ሁሉ ያመጣው ፌስቡክ አይደለም?» (ከአዲስ አበባ)

አይደለም። ሁዋን ፔሮን በ1946 አርጀንቲናን ሲይዝ መሣሪያው ሬዲዮና አደባባይ ነበር። ፌስቡክን የምወቅሰው በሌላ ነው። በ2018 ለተጠቃሚው የሚያቀርበውን መምረጫ ስልት ለወጠ፤ ብዙ አስተያየትና ማጋራት የሚያስከትለው ጽሑፍ ከፍ እንዲል አደረገ። በ2021 በወጡት የድርጅቱ የውስጥ ሰነዶች እንደሚታየው የአውሮፓ ፓርቲዎች «ተቃዋሚን ካልዘለፍን ማንም አያየንም» ሲሉ አማረዋል። ተሳዳቢው ጥንትም ነበረ፤ አሁን ጨዋውም ለመታየት ሲል ይሳደባል።

«በቲክቶክ ብቻ ምርጫ ማሸነፍ ይቻላል?» (ከዱባይ)

መቅደም ይቻላል። በኖቬምበር 2024 ሩማንያ ውስጥ ካሊን ጆርጄስኩ ለዘመቻ ምንም አላወጣሁም ብሎ በፕሬዚዳንት ምርጫው የመጀመሪያ ዙር አንደኛ ወጣ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ግን ሁለተኛው ዙር ሁለት ቀን ሲቀረው ምርጫውን ሰረዘ። የአገሪቱ የደኅንነት ሰነዶች በቲክቶክ ላይ የተቀናጀ ዘመቻ እንደነበረ ይገልጻሉ። ያም ሆኖ ውሳኔው ለእኔ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ድምፅ የሰጠው ሰው በቲክቶክ ቢታለል እንኳ ሰው ነው፤ «ድምፄ ተሰረቀ» ሲል ምን ይባላል? በሜይ 2025 በተደገመው ምርጫ የቡካሬስት ከንቲባ የነበረው ኒኩሾር ዳን አሸነፈ።

«ግሪሎ አሁን ምን ላይ ነው?» (ያው የቦሎኛው አንባቢ)

በኖቬምበር 2024 የንቅናቄው አባላት በኢንተርኔት ድምፅ ሰጥተው የያዘውን የበላይ ጠባቂነት ሥልጣን አስቀሩበት። ደንቡ ስለሚፈቅድለት ድምፅ አሰጣጡ ይደገም አለ፤ በዲሴምበር ተደገመ። አሁንም ተሸነፈ።