የመልእክት ወረፋ ለቲሞቻችን ያስፈልጋል ወይ? ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ሐዋሳ ውስጥ በሆቴል ማስያዣ ሲስተም ላይ እሠራለሁ። ሦስት ቲም ነን፤ ማስያዣ፣ ክፍያ እና ኤስኤምኤስ። የመልእክት ወረፋ ማለት አንዱ ፕሮግራም ለሌላው የሚልከው መልእክት፣ ተቀባዩ እስኪያነሳው ተራ ይዞ የሚቆይበት ቦታ ነው። ወረፋ ውስጥ ገብተን አይተነዋልና ያላችሁን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ አራት ፕሮግራመሮች ነን፣ ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ ነው። ካፍካ የሚባለውን የወረፋ ሶፍትዌር እንጀምር?

መልስ፦ አትጀምሩ። እዚያው ዳታቤዛችሁ ውስጥ የሚሠሩት ሥራዎች የሚጻፉበት አንድ ሰንጠረዥ ይበቃችኋል። ፖስትግሬስ ከ9.5 ጀምሮ «ስኪፕ ሎክድ» (ሌላው የያዘውን ረድፍ ዘሎ ቀጣዩን መውሰድ) አለው፤ ሁለት ሠራተኛ ፕሮግራሞች ያንኑ ሥራ እንዳይሻሙ ያደርጋል። ትዕዛዙንና ሥራውን በአንድ ትራንዛክሽን ስለምትጽፉ ደግሞ ወይ ሁለቱም ይገባሉ፣ ወይ አንዱም አይገባም።

ጥያቄ፦ ታዲያ እናንተ ምን አስገባችሁ?

መልስ፦ ለፊቼ ጨምበላላ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ነው ነገሩ የፈነዳው። ማስያዣው ኤስኤምኤሱን በቀጥታ ይጠራ ነበር። ኤስኤምኤሱ ሲዘገይ ማስያዣውም አብሮት ቆመ፤ ደንበኛው ያልተሳካለት መስሎት ደግሞ ሲጫን ሁለት ክፍል ተያዘለት። አሁን ማስያዣው ክፍሉን መዝግቦ መልእክቱን ወረፋ ላይ ይጥልና ይሄዳል። ኤስኤምኤሱ ቢወድቅም ሲነሳ ከቆመበት ይቀጥላል።

ክፍያን ግን አላስገባንም። ደንበኛው «ተከፍሏል» ወይም «አልተከፈለም» የሚለውን እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። መልስ የሚጠበቅበትን ነገር ወረፋ ውስጥ መክተት ችግሩን መደበቅ ነው።

ጥያቄ፦ ራቢት ኤምኪው የሚባለው ሌላው የወረፋ ሶፍትዌር ይሻላል ወይስ ካፍካ?

መልስ፦ ሥራ ለማከፋፈል ብቻ ከሆነ ራቢት። ካፍካ መልእክቱ ከተነበበም በኋላ ያቆየዋል፣ ካልቀየራችሁት ለ7 ቀን፤ ሌላ ቲም ከመጀመሪያው ሊያነበው ሲፈልግ እሱ ይሻላል። ቅደም ተከተል የሚጠብቀው ግን በአንድ ፓርቲሽን (ወረፋው ከተከፈለባቸው ክፍሎች በአንዱ) ውስጥ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ መልእክት ሁለቴ ቢመጣስ?

መልስ፦ ይመጣል። ሠራተኛው ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ «ደርሶኛል» ሳይል መብራት ቢጠፋ ወረፋው ያንኑ መልሶ ይልከዋል። ለእያንዳንዱ መልእክት መለያ ቁጥር ስጡት፤ የተሠራውን ቁጥር ከሥራው ጋር በአንድ ትራንዛክሽን መዝግቡ፣ ሲደገም ዝለሉት።

ጥያቄ፦ ሌላው ቲም ሳይነግረን የመልእክቱን ቅርጽ ቢቀይርስ?

መልስ፦ እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አንድ ቀን ከእኛው ቲሞች አንዱ የስልክ ቁጥሩን መስክ (በመልእክቱ ውስጥ ቁጥሩ የሚጻፍበትን ቦታ) ስም ቀየረ። የተቀባዩ ኮድ መልእክቶቹን ማንበብ ስላቃተው ሊሠሩ ያልቻሉ መልእክቶች ወደሚቀመጡበት ውድቅ ወረፋ ላካቸው፤ ያንን ወረፋ የሚያይ ሰው ስላልነበረ ሁለት ቀን ተከማቹ። ቀጥታ ጥሪ ቢሆን ኖሮ ስህተቱ በደቂቃ ውስጥ ይጮህ ነበር፣ ወረፋ ግን ዝም ይላል። ስለዚህ መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት ቲሞቹ ቁጭ ብላችሁ የየመልእክቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ጻፉ። መስክ ይጨመር እንጂ አይሰረዝ፣ ስሙም አይቀየር። እኛ አሁን በየወረፋው አጠገብ የአንድ ሰው ስም አለ፤ ወረፋው ውስጥ ከሁሉም የቆየው መልእክት 5 ደቂቃ ካለፈው የዚያ ሰው ስልክ ይጮኻል።

ጥያቄ፦ አለቃችን «ሁሉም ቲም አሁኑኑ ይግባ» ይላሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ «በአንድ ወረፋና በሁለት ቲም ለአንድ ወር እንሞክር» በላቸው። በዚያ ወር ውስጥ በሥራ ሰዓት ተቀባዩን ሆን ብላችሁ ለአንድ ሰዓት አጥፉትና መልሳችሁ ስታስነሱት የተከማቸውን ሠርቶ መጨረስ ትችሉ እንደሆነ እዩ። ሌሊት ስልኩ ሲጮህ የሚነሳ ሰው ከሁለቱም ቲም ካልተገኘ ግን ይቅርባችሁ።